በቆሎው ድንበር ሲሻገር ማን ይጠየቃል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በልውጠ ህያው ሰብል ላይ የሚደረገው ክርክር አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ይጀመርና እዚያው ያልቃል። እኛ ጋ፣ ደብረ ሲና ገበያ፣ የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው። ባለፈው አንዱ ሻጭ የበቆሎው ፍሬ ስለተለቀ ብቻ «ይሄ የተለወጠው ነው፣ ያመክናል» ተብሎ ገዥ ሸሸው። ተራ ዲቃላ ነበር እኮ! ዲቃላ በቆሎ ከበቆሎ ተዳቅሎ ነው የሚገኘው፣ ገበሬው ስንት ዘመን ዘርቶታል። ልውጠ ህያው ላይ ግን ከሌላ ፍጡር የተወሰደ ዘረ መል ገብቶበታል። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በሙከራ ማሳ የተዘራው ቴላ የሚሉት ልውጥ በቆሎ ለምሳሌ አገዳ ቆርቁር የሚባለውን ትል የሚገድልበትን ነገር ያገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው።

ስለ ጤናው ብዙ አልሟገትም። የዓለም ጤና ድርጅት እስካሁን በዓለም ገበያ ላይ ያሉት ልውጥ ምግቦች ተፈትሸው ያለፉ ናቸው ብሏል። ደቡብ አፍሪካም ልውጡን ነጭ በቆሎ ከ20 ዓመት በላይ ገንፎ አድርጋ በልታዋለች። ያመክናል ባዮች ማስረጃ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ነፋሱ ነው። ጤፍና ገብስ በአብዛኛው አበባቸው እዚያው በራሱ ይዳቀላል። የበቆሎን የአበባ ብናኝ ግን ነፋስ ይዞት ይሄዳል፣ በሸዋ ሮቢት በኩል ደግሞ ማሳን ከማሳ የሚለየው በሬ የማያዞር ድንበር ነው። እናቴ ዘር በቆሎ ገዝታ አታውቅም። ሞላ ያለውን ራስ ትመርጥና ልጣጩን ወደ ኋላ ገልብጣ፣ ሁለት ሁለቱን አስራ ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች። ጭስ ከጠገበ ነቀዝ አይደፍረውም። ሲደርስ ጫፍና ጫፉን ትታ የመሃሉን ብቻ ትፈለፍላለች። ጎረቤቷ ልውጡን ቢዘራ ይሄ ሁሉ ልፋት በአንድ ክረምት ይቀላቀላል፣ እሷም አታውቀውም። ዲቃላውም ይሻገር የለ ትሉኝ ይሆናል። ይሻገራል፤ ግን ባለቤት ያለው ዘረ መል ይዞ አይደለም። ቴላ የባለቤትነት ክፍያ አይጠየቅበትም ተብሏል፣ ደግ። ለሚቀጥለውስ ማን ዋስ ይሆናል? በጤፋችን ላይ የኔዘርላንድ ኩባንያ ፓተንት አውጥቶ፣ በ2011 እዚያው አገር ፍርድ ቤት እስኪሽረው ድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀ እናውቃለን። ገበሬው ቢጠራጠር አላዋቂ አትበሉት።

ትሉም ቢሆን ዝም ብሎ አይሞትም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አገዳ ቆርቁር አሥር ዓመት ሳይሞላ ልውጡን በቆሎ ለምዶት መብላት ጀምሯል። ትሉ እንዳይለምድ ከማሳው ከፊሉን መደበኛ በቆሎ ዝሩበት ነው የሚሉት ባለሙያዎቹ። እሺ፣ ሁለት ጥማድ ያለው ሰው የትኛውን ቆርጦ ለትል ይስጥ?

ልውጠ ህያዋንን ለመቆጣጠር በ2001 የወጣው የደህንነተ ህይወት አዋጅ ጥብቅ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ልውጠ ህያዋን ድንበር ሲሻገሩ በሚገዛው ዓለም አቀፍ የካርታሄና ስምምነት ድርድር ላይ ለአፍሪካ የተሟገቱለት ሐሳብ ነው። በ2007 ተሻሽሎ ላላ፣ በ2010 ልውጡ ጥጥ ተፈቀደ። ጥጥ አይበላም ይሉናል፤ ዘይቱና ፋጉሎውስ?

ምርምሩ ይቁም አላልኩም። የእኛው አገር ገብስ ዘረ መል የካሊፎርኒያን ገብስ ከበሽታ ታድጓል፣ ዘረ መል ምን እንደሚሠራ እኛን ማስተማር አያስፈልግም። የምለው ዘሩ የሚመጣ ከሆነ ከረጢቱ ላይ ልውጥ መሆኑ በአማርኛ፣ በትልቁ ይጻፍ ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማዳበሪያ ሲመጣ እንደሚሰበስበን ከመዝራቱ በፊት ሰብስቦን የትኛው ማሳ ላይ እንደሚዘራ ይንገረን። ዘሯ የተቀላቀለባት ሴት ለማን አቤት እንደምትልና ማን እንደሚክሳትም መመሪያው ላይ ይስፈር፤ ዘር አቅራቢው ይሁን መንግሥት፣ እሱን እነሱ ይነጋገሩበት።

ከደብረ ሲና፣ ሰሜን ሸዋ