በ13 ሰዓት ደሴ አትገቢም

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ግን አልለቀቀንም፣ ጦሳ ጉሙን እንደለበሰ ውሎ ያድራል።

ትናንት በስልክ «አባዬ፣ 13 ሰዓት ብቻ እኮ ነው» ስትይ ባትሪዬ አለቀና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። 13ቱ ሰዓት ከዋሽንግተን ቦሌ ድረስ ነው። ከቦሌ ኮምቦልቻ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ግን የፓስፖርት ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ፣ ያን ሁሉ ጓዝ እየጎተቱ ወደ አገር ውስጥ በረራ መሄድ አለ። ስለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ልዩነት ያለውን ትኬት እንዳትቆርጪ። የከሰዓቱን ያዢ።

ሰዓቱንም ልብ በይ። ትኬትሽ ላይ 11:00 የሚለው እናንተ ጋ ረፋድ 5 ሰዓት ነው። በበጋቸው 7 ሰዓት ስለምንቀድማችሁ እኛ ጋ ያኔ ከምሽቱ 12 ይላል። 13 ስትደምሪበት በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቦሌ ነሽ። ትኬቱ ደግሞ 07:00 ብሎ ነው የሚጽፈው፣ እናትሽ «በ7 ሰዓት ትደርሳለች» ብላ ምሳ ይዛ እንዳትጠብቅሽ እንጂ!

ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ላይ መስመሪያ ሳስቀምጥ ሰሐራን አቋርጦ በሞሪታኒያ በኩል ወጣ። አላመንኩም፣ ከትምህርት ቤት ሉል ተውሼ በእናትሽ የጥልፍ ክር ወጠርኩት። ክሩ ተንሸራቶ ሽቅብ ወጣና መሀሉ ፖርቱጋል ላይ አረፈ! አጭሩ መንገድ ያ ጎባጣው ነው ለካ።

አንቺን ልንጠይቅ የመጣን ጊዜስ ትዝ ይልሻል? አውሮፕላኑ ደብሊን ሲያርፍ እናትሽ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች፣ ደረስን ብላ። ነዳጅ ሊቀዳ ነበር። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያንሳቸዋል። ጭነት የያዘ አይሱዙ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ እንዴት እንደሚያቃስት አይተሽ የለ? ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ ከቦሌ መነሳት እንደዚያ ነው። የእናንተው ማረፊያ ግን 100 ሜትር እንኳ ከፍታ የለውም፣ ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። ነፋሱም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ከኋላ ይገፋዋል። እናትሽ ይህን ስነግራት «እሰይ፣ መምጫው ቀሎላታል» አለች፣ ስለ መሄጃው ግን አልጠየቀችኝም።

ኮምቦልቻ መጥቼ እቀበልሻለሁ። ከዚያ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት አለብን፣ ጃኬትሽን ሻንጣ ውስጥ እንዳትቀብሪው።

አባትሽ