ብሎኬቱ በር ላይ ከመራገፉ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክረምት ወጥቶ መሬቱ መድረቅ ሲጀምር አዲስ አበባ ውስጥ ሰርቪስ የሚጨምረው፣ ሳሎን የሚያሰፋው፣ ቪላውን ፎቅ የሚያደርገው ሰው ይበዛል። የሥራው ቅደም ተከተል ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ዋጋ ሳይጨምር ተብሎ ፌሮና ሲሚንቶ ይገዛል፣ ብሎኬቱ በር ላይ ይራገፋል፣ ግንበኛው ቀብድ ይቀበላል፤ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሲሚንቶው መጋዘን ውስጥ እየጠጠረበት ያለ ሰው ደግሞ «ቆይ፣ ይጠና» የሚለውን ምክር ለመስማት ይቸገራል።

መጀመሪያ መኬድ ያለበት ወደ ግንባታ ፈቃድ ቢሮ ነው፤ ያውም ዲዛይኑ ሳይሠራ። የይዞታ ካርታውን፣ ካለም ቤቱ መጀመሪያ ሲሠራ የጸደቀውን ፕላን ይዞ የፕላን ስምምነት መጠየቅ ነው። ቦታው በከተማው ፕላን ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ እስከ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ፣ ከመንገድና ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል መራቅ እንደሚገባ የሚታወቀው እዚያ ነው። በተለይ የፊት ለፊቱ መንገድ በፕላኑ ላይ የሚሰፋ መሆን አለመሆኑን ሳይጠይቁ መውጣት አይገባም። ዛሬ አጥር የቆመበት መስመር በፕላኑ ላይ የመንገድ ጠርዝ ሊሆን ይችላል፤ አርክቴክቱ ይህን ሳያውቅ ከሣለ ሥዕሉም ክፍያውም እንደገና ነው። መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። በቃል «ችግር የለውም» ያለው ባለሙያ ነገ ሌላ ወረዳ ሊዛወር ይችላል፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የሚታየው ወረቀት ነው።

ፎቅ መጨመር የቤቱን ምድብ ራሱን ይለውጣል። በ2001 ዓ.ም. በወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አከፋፈል ከሁለት ወለል በታች ያለ መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ነበር፤ ጂ+1 (ምድር ቤትና አንድ ፎቅ) ሲሆን ወደ ምድብ «ለ» ይሻገር ነበር። የስትራክቸር ስሌት፣ ማለትም ቤቱ ጭነቱን መሸከም መቻሉን የሚያሳይ ስሌት፣ የሚጠየቀውም በምክንያት ነው። 15 ሳንቲም ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ሶሌታ (የፎቁ ወለል) በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 4 በ4 የሆነች አንዲት ክፍል ሶሌታዋ ብቻ 60 ኩንታል ማለት ነው፤ ግድግዳው፣ ንጣፉ፣ የቤት ዕቃውና ሰው ገና አልተቆጠሩም። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ሌላ 20 ኩንታል ይጨምራል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከዓመታት በፊት ለቆርቆሮ ጣሪያ ተብሎ የተጣለው መሠረት ነው።

ስለዚህ መሐንዲሱ ቤቱን ከላይ አይቶ «ይችላል» ካለ አትመኑት። አንድ የማዕዘን ኮለን (ምሰሶ) አጠገብ አስቆፍሮ የመሠረቱን ጥልቀትና ስፋት መለካት፣ የኮለኑን ፌሮ ውፍረትና ብዛት ማረጋገጥ አለበት። ለወደፊት ተብሎ ከጣሪያ በላይ የተተወ ፌሮም ብቻውን ዋስትና አይደለም። ዝናብ እየበላው ይቀጥናል፤ ርዝመቱም ብዙ ጊዜ አጭር ነው። አዲሱ ፌሮ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን የሚደራረብበት ርዝመት እንደ ስሌቱ ከፌሮው ውፍረት ከ40 እስከ 60 እጥፍ መሆን ሲገባው፣ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ 30 ሳንቲም ሜትር ብቻ ተትቶ ይታያል። ቢያንስ 56 ያስፈልገው ነበር።

በቦሌ፣ በሲኤምሲ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አሮጌው ቤት መቀመጡን (በክብደቱ ወደ መሬት ዝቅ ማለቱን) ጨርሷል፤ የተለጠፈበት አዲስ ክፍል ገና ይቀመጣል። ሁለቱን በአንድ ግድግዳ ማያያዝ በመጀመሪያው ክረምት መጋጠሚያው ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ያመጣል። ልስን ቢደርቡበት ተመልሶ ይወጣል። መፍትሔው ከጥቁሩ አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ መመሥረትና በሁለቱ መካከል ክፍተት ትቶ በፎም መሙላት ነው። ከነባሩ መሠረት አጠገብ ሲቆፈር ሙሉውን ርዝመት በአንድ ጊዜ መክፈት አደገኛ ነው፤ በተለይ ከመሠረቱ በታች የሚወርድ ከሆነ አንድ አንድ ሜትር እያፈራረቁ፣ የተቆፈረውን ሞልቶ ነው ወደሚቀጥለው የሚኬደው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ በመንገድ ዳር ያለውን ምድር ቤት ሱቅ ለማድረግ ግድግዳ ማፍረስ ነው። ግድግዳው ጭነት ባይሸከም እንኳ ቤቱ በመሬት መንቀጥቀጥ ወደ ጎን ሲገፋ ያግዛል። ታችኛውን ባዶ፣ ላይኛውን ግድግዳ የሞላ ማድረግ መወዛወዙን በሙሉ በምድር ቤቱ ኮለኖች ላይ ይጥላል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከዚያ በኋላም ያለ ስሌት ግድግዳ የሚያፈርስ ሰው ማየት ያሳዝናል።

በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ደግሞ የውጭ ግድግዳ፣ ኮለንና ጣሪያ የጋራ መሆናቸውን አይርሱ፤ ከማኅበሩ ጋር ሳይነጋገሩ መነካት የለባቸውም። በግል ግቢም ቢሆን ከመቆፈር በፊት ሴፕቲክ ታንኩ የት እንዳለ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ፣ የአዲሱ ጣሪያ ውሃ ወደ ጎረቤት እንደማይወርድ መታየት አለበት።

ለግንባታ ፈቃድ ቢሮዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ማመልከቻ ሳያስፈልግ፣ ካርታውን ይዞ የመጣን ነዋሪ የሚያማክር ባለሙያ ይመድቡ፤ እድሳት የሚባለው የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው በወረዳ የትኛው በክፍለ ከተማ እንደሚያልቅም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ይለጥፉ። ጋዜጣችሁም ይህንኑ ዝርዝር ከቢሮዎቹ ጠይቆ ቢያትመው ብዙ ሰው ቆርጦ በቤቱ ያስቀምጠዋል።

አንድ ሲቪል መሐንዲስ
ከአዲስ አበባ