ዋስ የሌለው ልጅ ሙያውን ምን ያድርገው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ወላጅ አልባ ልጆች በተነሳ ቁጥር «ሙያ ይማሩ» ይባላል። እኔም እላለሁ። ከተማሩ በኋላስ?

አዘዞ ውስጥ የምሠራ አናጢ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሊስትሮ ደጄ ላይ ይቀመጥ ነበር። መላጊያ ስገፋ ዓይኑ ከእጄ አይነቀልም። እናትም አባትም የሉትም፤ ያሳደጉት አያቱ ናቸው። መጀመሪያ ዕድሜውን ጠየቅኩት፤ ምክንያቱም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። 16 ነው አለኝ። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት እኔ ጋ ሆነ። የኤሌክትሪክ መጋዙን ግን አላስነካሁትም።

ሒሳብ አይወድም ነበር። አንድ ቀን 2.44 በ1.22 ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ዘርግቼ፣ «30 ሳንቲ የሚሰፋ መደርደሪያ ስንት ይወጣዋል?» አልኩት። እኔ በልቤ ሰባት ብያለሁ። እሱ መጋዙ የሚበላውን ሳይቀር አስቦ ስምንት አወጣ። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት አልቀረም።

ዘንድሮ ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ ተፈትኖ አለፈ። የእኔ ሥራ ሁለት ሰው አያበላም፤ ስለዚህ ለራሱ መሣሪያ መግዣ ብድር ጠየቀ። «ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ» ተባለ። አያቱ ጠላ ሸጠው የሚያድሩ ናቸው። እኔ ልሁን ብል፣ ደመወዝተኛ አይደለህም አሉኝ። ሌላው ልጅ አጎት ይፈልጋል፣ የአባቱን ጓደኛ ይለምናል። ይሄኛው ማንን ይጥራ? የምስክር ወረቀቱን አያቱ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እሱ ለጥምቀት የሊስትሮ ሣጥኑን ይዞ ፒያሳ ወጣ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መንግሥት ለወላጅ አልባ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ ይናገራል። በ2010 የውጭ ጉዲፈቻ ሲከለከል ልጆቻችን እዚሁ ይደጉ ብለን የደገፍን ብዙ ነን። ታዲያ ይህ ዋስትና የማን ሥራ ነው? ያሠለጠናቸው ክፍል ለምን ዋስ አይሆንም? ጥሬ ገንዘብ ካስፈራ፣ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮና መዶሻ በዱቤ ይስጣቸውና ከሚሠሩት ይክፈሉ። የባለ ፋብሪካ ብድር አይደለም እኮ የጠየቁት!

ለጊዜው አሮጌ መላጊያዬን ሰጥቼዋለሁ። ደመወዝተኛ የሆነ አንባቢ ካለ፣ አዘዞ ብቅ ይበልና የልጁን እጅ ይየው።

አንድ አናጢ
ከአዘዞ፣ ጎንደር