ጠገራዎቹ ሳይሸጡ

ሆዴ፣ እንደምን አለሽ? ዘጌስ እንዴት ነው? ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴን ይቅር በይኝ፤ ወቀሳሽን ቡና ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አሁን ግን የሚያስቸኩል ነገር አለ።

ወንድምሽን ባሕር ዳር ገበያ አገኘሁት። የእናታችሁን ድሪ ፈታችሁ ጠገራዎቹን፣ እነዚያን የድሮ የብር ገንዘቦች፣ ለአንጥረኛ ልትሸጡ ነው አለኝ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እጄን ማስገባት ይገባኝ እንደሆነ እንጃ... ግን አንጥረኛው «ግማሹ ነሐስ ነው» ብሏል ሲለኝ ዝም ማለት አቃተኝ። በምን አወቀ? ጠቁሮ አይቶ ከሆነ ብርም ይጠቁራል።

ጠገራ ብር ሲመታ 28.07 ግራም ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ። የምኒልክ ብርም ክብደቱ ያው ሲሆን ብሩ 835 ነው። ጠገራው ላይ ያለው 1780 ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚያ ወዲህ በቪየናም በሮምም በለንደንም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ተመትቷል። ስለዚህ ብርነቱን ማወቅ ይቻላል፣ ዕድሜውን ግን ከዓመቱ አታገኚውም።

ወርቅ ቤቶች የሚይዙትን፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ተዋሺ። መጀመሪያ ጠገራውን በደረቁ መዝኚና ጻፊ። ከዚያ ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠሽ ወደ ዜሮ መልሺው። ጠገራውን በቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አስረሽ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አንጠልጥዪው። ሚዛኑ የሚያሳየው የገፋውን ውኃ ነው። የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ስታካፍዪ እፍጋቱ፣ ማለትም ከእኩል መጠን ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ፣ ይወጣል። ደኅና ጠገራ ውኃ ውስጥ 2.75 አካባቢ ያነብባል፣ እፍጋቱም 10.2 ይሆናል። ብር የተቀባ ነሐስ ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ፣ ክብደቱ እኩል ቢሆን እንኳ ከ3.1 በላይ ያነብባል፤ እፍጋቱ 9 አይሞላም።

የሚያሳስተው የአየር አረፋ ነው። ፊደሉና ቀዳዳው ውስጥ ተደብቆ እፍጋቱን ዝቅ ያደርገዋል፣ ደኅናውን ብር ሐሰተኛ ያስመስላል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ተጠቀሚ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሪበት፣ ጠገራውንም ነቅነቅ አድርጊው። የብርጭቆውን ታች ከነካ ደግሞ ክብደቱ ሚዛኑ ላይ ያርፍና ቁጥሩ ይዘላል። ሲፋተግ ኖሮ 27 ግራም የደረሰ ቢያጋጥምሽ አትደንግጪ፤ መበላት ክብደት ይቀንሳል እንጂ እፍጋት አይለውጥም። ማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደበት ግን ብየዳው ቁጥሩን ያዛባዋል፤ 10 ቢሰጥሽ አትጣዪው፣ ጆሮውንም አትንቀዪ።

የምኒልክ ግርሽ፣ ትንሿ የብር ሳንቲም፣ ካለሽ አንድ በአንድ አትለኪ። 1.4 ግራም ብቻ ስለሆነ ውኃ ውስጥ 0.14 ያነብባል፤ የ0.01 ስሕተት ብቻውን ውጤቱን ያበላሸዋል። አሥሩን ባንድ ላይ አንጠልጥዪ። ግን አንድ ሐሰተኛ ቢቀላቀል አማካዩ ሊሸፍነው ይችላል፤ በመልክ የሚለየውን አስቀድመሽ አውጪ።

ማግኔትስ? ብርን አይስብም፣ ግን ነሐስንም መዳብንም አይስብም፤ አለመሳቡ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒው የ1923ቱ የኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች፣ ባለ 10፣ 25 እና 50 ማቶና፣ ንጹሕ ኒኬል ስለሆኑ ይሳባሉ። ብር ባይሆኑም እውነተኛ ናቸውና ተስበው አየሁ ብለሽ እንዳትጥያቸው! መቼም አንቺ ለመጣል ማን ብሎሽ። የ1936ቱን ሽልንግ፣ ባለ 50 ሳንቲሙን፣ ደግሞ ከሌላው ሳንቲም ጋር አትደባልቂው፤ እሱ ብር አለበት።

የጠገራውን ጠርዝ በጣትሽ ዙሪያውን ዳብሺ። ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላትና ጌጦች አሉት። ቀልጦ የተቀዳ ሐሰተኛ ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም የተሞረደ የመገጣጠሚያ መስመር ይታያል።

እባክሽ በአመድ ወይም በሎሚ እንዳታሺው፤ የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ጥቁረትም ጭምር ነው። አንጥረኛው አሲድ ላንጠብጥበት ወይም በሞረድ ልሞክረው ካለሽ እምቢ በይ፣ ጠባሳው አይጠፋም። የሚያቀልጥ የሚከፍለው ለብሩ ብቻ ነው፤ የምኒልክ ብር ግን በሰብሳቢ ዘንድ ከብሩ ዋጋ በላይ ሊያወጣ ይችላል። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

ለእያንዳንዱ ሁለቱን ቁጥር፣ የደረቁንና የውኃውን፣ በስልክ ላኪልኝ፤ ማካፈሉን ለእኔ ተዪው። ብቻ ወንድምሽ ቅዳሜ ገበያ ሳይወጣ ይድረሰኝ።

ያንቺው