ስልኩን ያስያዛት ጨዋታው ነው

ለአዘጋጁ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው እትማችሁ ላይ ልጆች ከስልክ እንዲላቀቁ የድሮዎቹን የቤተሰብ ጨዋታዎች ከቁም ሳጥን አውጡ የሚል ጽሑፍ ነበር። ሐሳቡን አልቃወምም። ችግሩ እኔ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን ሞክሬው፣ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆኖብኛል።

በሞኖፖሊ ጀመርን። አራት ነን። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ከሰረች። ወንድሟ ሆቴል የሠራበት ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ አረፈች፣ በቃ። እኛ ሦስታችን ሌላ ሁለት ሰዓት ቀጠልን፤ ማን እንደሚያሸንፍ ደግሞ ከመሃል ጀምሮ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ልጅቷ መጀመሪያ አጠገባችን ሆና ብር ስትቆጥርልን ቆየች፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ተጋደመች፣ ከዚያ «አባዬ፣ ስልክህን ስጠኝ» አለች። ምን ልበላት? ስልኩን ያስያዛት ጨዋታው ራሱ ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ ባጋጣሚ የመጣ አይደለም። ለሞኖፖሊ መነሻ የሆነውን ጨዋታ የፈጠረችው ኤሊዛቤት ማጊ የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ዓላማዋ መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ሲገባ ሌላው እንዴት እንደሚራቆት ማሳየት ነበር። በ1935 ፓርከር ብራዘርስ የሚባለው የጨዋታ ኩባንያ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ገበያ ላይ አዋለው። እና ልጄ የተራቆተችው በዕቅድ ነው ማለት ነው።

እባብና መሰላልስ? እሱ ማንንም አያባርርም፣ ግን ምንም አታስብበትም። ወርውር፣ ቁጠር፣ ውረድ ወይም ውጣ። አንተ ሽንት ቤት ሄደህ ሌላ ሰው ቢወረውርልህ ውጤቱ ያው ነው። ቼዝን አልነካም፤ እኔና ልጄ ስንጫወት ግን ማን እንደሚያሸንፍ ጠጠሮቹን ሳንደረድር ይታወቃል።

ስለዚህ አሁን ጨዋታ ስመርጥ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ጨዋታው እስኪያልቅ ምን ይሠራል?

ካታን ለዚህ ጥሩ መልስ አለው። ክላውስ ቶይበር የሚባል ጀርመናዊ የጥርስ ቴክኒሺያን የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጨዋታ ነው። ደሴት ላይ መንደርና መንገድ ትሠራለህ፣ መጀመሪያ አሥር ነጥብ የሞላ ያሸንፋል፣ ከጨዋታ የሚወጣ የለም። እኔን የገዛኝ ግን ዳይሱ ነው። ማንም ይወርውር ማን፣ የወጣው ቁጥር ያለበት መሬት አጠገብ መንደር ካለህ የመሬቱ ዕቃ፣ እንጨትም ይሁን በግ፣ ለአንተም ይደርስሃል፤ ስለዚህ በሌላው ተራም ዓይንህ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከዚያ ላይ ግብይቱ አለ። «እንጨት ልስጥህ፣ በግ አለህ?» ሲባባሉ ማን ስልክ ያስታውሳል? ልጄ ስድስትና ስምንት ቁጥር ያለበትን ቦታ መሻማት የጀመረችው ማንም ሳይነግራት ነው። በሁለት ዳይስ ከሚወጡት 36 ዓይነት ጥምረቶች አምስቱ ስድስት፣ አምስቱ ስምንት ይሰጣሉ፣ ሁለትና አሥራ ሁለት ግን አንድ አንድ ብቻ። ሰባት በስድስቱ ከሁሉም ይበልጣል፣ እሱ ግን ዕቃ አይሰጥም፣ ያረፈበትን መሬት ዕቃ እንዳይሰጥ የሚያግደውን ሌባ የሚባለውን ጠጠር ነው የሚያስነሳው። ዋናው ካታን ሦስት ወይም አራት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለት ከሆናችሁ አትድከሙ።

ቤታችን የነገሠው ግን ቲኬት ቱ ራይድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው። ባለ ቀለም ካርድ ሰብስበህ በከተሞች መካከል የባቡር መስመር ትይዛለህ፣ በእጅህ ደግሞ እነዚህን ከተሞች አገናኝ የሚሉ የምስጢር ትኬቶች አሉ። ትኬቱ የሚገለጠው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያልተሳካው ደግሞ ነጥብ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መሪውን እስከ መጨረሻው በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ባለፈው እኔ አንዲት አጭር መስመር ብቻ ቀርታኝ፣ ሁለት አረንጓዴ ካርድ ይዤ ተራዬን ስጠብቅ፣ ልጄ ቀስ ብላ ሁለት ባቡሯን እዚያው ላይ ደረደረች። ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ ይቺን ፈልገሃት ነበር እንዴ?» ፊቷን ብታዩት! በሞኖፖሊ እንደዚያ ስታበራ አይቻት አላውቅም።

መሸነፍ የማይወድ ልጅ ላለው ፓንደሚክ የሚባለው አለ፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ ባንድ ወገን ሆነው ዓለምን የወረሩ አራት በሽታዎችን ይዋጋሉ፣ ወይ አብሮ ማሸነፍ ወይ አብሮ መሸነፍ። ግን ተጠንቀቁ፣ አንድ አዛዥ ሰው ከመሃል ይነሣና የሁሉንም ተራ እሱ ይጫወተዋል። እቤታችን ያ ሰው እኔ ነኝ። ባለቤቴ «ዝም በል፣ ተራው የእሷ ነው» የሚል ደንብ አወጣችልኝ፣ አሁን ደህና ነን።

አንድ ያላነሣሁት ችግር አለ፣ ቋንቋ። የብዙዎቹ መመሪያ በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ሰው አንብቦ ካስረዳ እንደ አዙልና ካርካሶን ያሉት ጠጠራቸው ላይ የሚነበብ ነገር ስለሌለ ማንም ይጫወታቸዋል። ኮድኔምስ ግን ሙሉ በሙሉ በቃላት ነው፣ እኔም ለኛ አይሆንም ብዬ ትቼው ነበር። ተሳስቻለሁ። ወረቀት ቆራርጠን ቃላቱን በአማርኛ ጻፍናቸው። 25 ቃል አምስት በአምስት ተደርድሮ ይዘረጋል፣ ሁለት ቡድን ይሆናል፣ የቡድኑ መሪ አንድ የፍንጭ ቃልና ፍንጩ ስንት ቃል እንደሚመለከት የሚገልጽ ቁጥር ብቻ ይናገራል፣ ሌሎቹ የትኞቹን ማለቱ እንደሆነ ይገምታሉ። አማርኛ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ አይታይም። «ዋና» የሚል ወረቀት ተዘርግቷል። ወንድ ልጄ «ባሕር፣ ሁለት» አለ። እናቱ «ዓሣ»ን ነካች፣ ልክ። ከዚያ ግራ ገባት። «ዋና» ያለውን እሷ የምታነበው ዋና ኃላፊ እንደሚባለው ነው፣ እሱ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚዋኘውን ነበር ያሰበው። «ሽፍታ»ም እንደዚያው አጫርሶናል፤ አንዱ ጫካ ያለውን፣ ሌላው ቆዳ ላይ የሚወጣውን።

አዲስ ሁሉ ጥሩ ነው አላልኩም። መመሪያው ሃያ ገጽ የሆነ፣ ዘርግተን ለመጨረስ ያቃተን አንድ ሣጥን አለን፤ ሁለት ጊዜ ሞክረን መልሰን ከድነነዋል። ለመምረጥ ከተቸገራችሁ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በየዓመቱ የሚሰጥ «የዓመቱ ጨዋታ» የሚባል ሽልማት አለ፣ በቤተሰብ ደረጃ የሚያስቡ ሰዎች ስለሆኑ የመረጡት ብዙ ጊዜ አያሳፍርም። ካታንም፣ ቲኬት ቱ ራይድም፣ ኮድኔምስም አግኝተውታል።

ሞኖፖሊውንም አልጣልኩትም። መመሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ሳነበው፣ አንድ ሰው ያረፈበትን ቦታ አልገዛም ካለ ቦታው ወዲያው ለጫረታ ይቀርባል ይላል። እኛ ዕድሜ ልካችንን ዝም ብለን ስናልፈው ኖረናል። ባለፈው እሑድ በጫረታ ተጫወትነው፣ በአንድ ሰዓት ተኩል አለቀ። ልጄ አሁንም ከሰረች። ይህን ጊዜ ግን ከእኔ በኋላ ነው።

አክባሪ አንባቢያችሁ