መኪናው ሳይመጣ ካርቡራተር የማንሸጥበት ምክንያት፤ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

አዳማ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በጥር ወር መጀመሪያ በጋራዣችን በር ላይ «መኪናው ሳይመጣ ካርቡራተር አይሸጥም፤ ከሌላ ቦታ የተገዛ ካርቡራተር ሳይለካ አይገጠምም» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈን ነበር፤ ካርቡራተር ማለት ቤንዚንን ከአየር ጋር ደባልቆ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል። አንዳንዶቻችሁ ፊት ለፊት ነግራችሁኛል፤ ሌሎቻችሁ ምንም ሳትሉ ቀርታችኋል፤ የእነዚህኛዎቹ ይበልጥ ያማል። ከመተሐራ ድረስ በአውቶቡስ መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ደንበኛም አሉን። ምክንያቱን ሳንጽፍ ማስታወቂያ በመለጠፋችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አላነሳነውም፤ ለምን እንዳላነሳነው እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ባለ 1300 (1.3 ሊትር) ሞተር ቮልስ ያላቸው አንድ ጡረተኛ መምህር ልጃቸውን ልከው ካርቡራተር ጠየቁን። የድሮው አርጅቶ፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተው የክዳኑ ዘንግ ላልቷል፤ በጎኑ አየር ያስገባል። ለዚያ ሞተር የሚስማማው ሶሌክስ የተባለው ካርቡራተር ባለ 30ው ነበር፤ መደርደሪያችን ላይ የቀረው ግን ለ1600 ሞተር የተሠራው 34 ብቻ ነው። ልጁ «ትልቅ ከሆነ ጉልበት ይጨምር የለም ወይ?» አለ፤ ሠራተኛችንም «ይሠራል» ብሎ ሸጠለት። ሠራተኛውን አልወቅስም። ስንት ዓመት እንደዚያ ስንሸጥ ኖረናል፣ እኔም ጭምር።

የ34ቱ እግር ብሎኖች ከቮልሱ ጋር ስለማይገጥሙ በሌላ ቦታ መሸጋገሪያ ብረት አስገብተው ገጠሙላቸው። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይደናቀፍ ጀመር። የገጠመላቸው ሰው ነዳጅ አንሶት ነው ብሎ የነዳጁን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አሰፋው። መደናቀፉ ቀነሰ፤ መምህሩም ደስ አላቸው። በሁለተኛው ወር ቮልሱ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ በገመድ ተጎትቶ ወደ እኛ መጣ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ከሰል መስለዋል። የዘይት መለኪያውን መዝዤ ሳየው ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ብሏል፤ ሳሸተው ቤንዚን ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ከዘይቱ እያጠበ ወደ ታች ሲወርድ ከርሞ ነበር። የፒስተን ቀለበቶቹም አብረው አልቀዋል።

ሞተሩን አፍርሰን የሠራነው በራሳችን ወጪ ነው። ይህን የምጽፈው ምስጋና ፈልጌ አይደለም፤ ጥፋቱ ከእኛ መደርደሪያ የተነሳ ስለሆነ ነው። መምህሩ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝም ያ ዝምታቸው ነው።

አሁን ወደ ሙያው ልግባ። ሞተር አየር የሚስበው በሆዱ፣ ማለትም በሲሊንደሮቹ ይዘት፣ ልክ ነው። 1300 ሞተር 1.3 ሊትሩን የሚሞላው በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በደቂቃ 4,000 ዙር ሲሽከረከር በስሌት 2,600 ሊትር አየር ይስባል። ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ በተግባር ወደ 2,000 ሊትር ቢሆን ነው። ትልቅ ካርቡራተር ስለተጫነበት ብቻ ሆዱ አይሰፋም። ቤንዚኑ የሚወጣው ደግሞ አየሩ በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ስለሚፈጥንና ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው፤ ነዳጁን ከቀዳዳው ስቦ በትኖ የሚያወጣው ይኸው ፍጥነት ነው። በላዩ ላይ የምታነቡት 30 ወይም 34 የታችኛው ክዳን ያለበት ቀዳዳ ስፋት ነው። ጉሮሮው ከዚያ ይጠባል፤ በ30ው 24 ሚሊሜትር፣ በ34ቱ 26 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ሚሊሜትር ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። መተላለፊያው በ17 በመቶ ይሰፋል፤ ያው አየር ሲያልፍበት የመሳብ ኃይሉ ከሩብ በላይ ይወድቃል። እንግዲህ በገበያ ቀን በባጃጅ መካከል ቀስ እያላችሁ ስትሄዱ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት በሆነበት ሰዓት፣ ቤንዚኑ እንደ ጉም መበተኑ ቀርቶ በጠብታ ይወርዳል። ነዳጅ ስትረግጡ መኪናው የሚደናቀፈው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ቀዳዳውን የሚያሰፋ ሰው ከተጨመረ፣ በዝግታ ላይ የጎደለውን ለመሙላት ብሎ በፍጥነት ላይ ያለውን ያጥለቀልቃል። በመምህሩ ቮልስ የደረሰው ይኸው ነው።

ሌላው የከተማችን ከፍታ ነው። ወዴት ነው የምትሄዱት ብለን ስንጠይቅ አንዳንዶቻችሁ «ምን አገባችሁ?» ብላችሁናል። የምንጠይቅበት ምክንያት አለን። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም። በፋብሪካ የተለካው ለዝቅተኛ ቦታ ከሆነ እዚህ ሲመጣ ከአየሩ አንጻር 8 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ዋናው የነዳጅ ቀዳዳ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊሜትር ነው። ከ125 ወደ 120 ብንወርድ ያችን 8 በመቶ እናስተካክላለን። ወደ አሰላ ለሚመላለስ ሰው፣ መንገዱ እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሚወጣ፣ ከዚያም ዝቅ ማለት ይቻላል። ከ1,000 ሜትር በታች ወደሆነችው መተሐራ በየሳምንቱ ለሚወርድ ግን እንደዚያ ካደረግን በዚያ ሙቀት ነዳጅ አንሶት ቫልቮቹን ያቃጥላል። እንግዲህ «ለቮልስ የሚሆን አንድ ካርቡራተር» ለሚል ሰው ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ምን ልስጠው?

ይህን ሥራ የተማርኩት ከአባቴ ነው። በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የጥገና ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርተው፣ ከተማችን ገና ናዝሬት እየተባለች በ1979 ዓ.ም. ይህችን ጋራዥ ከፈቱ። የናስ የነዳጅ ቀዳዳዎችን በየቁጥራቸው በወረቀት ጠቅልለው በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጡ ነበር። ቆርቆሮው ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። እሳቸው ላዳ ይምጣ ቮልስ፣ መጀመሪያ ካንዴላውን ፈትተው ቀለሙን ያያሉ፤ ቀጥሎ ሚኒሞውን፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ያለውን ድምፅ፣ ያዳምጣሉ፤ መፍቻ የሚያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ደንበኛ ሲቸኩልባቸው ሻይ ያስመጡለት ነበር። እኔ ግን ሽያጩ ሲበዛልኝ ያንን ሥርዓት ተውኩት። በጥር ወር የመለስኩት እሱን ነው።

«ነገሩ ገንዘብ ፍለጋ ነው» የሚለው ወሬ ደርሶኛል። አልዋሻችሁም፣ ከፍቶኛል። ድሮ በወር አሥር ካርቡራተር በቀላሉ እንሸጥ ነበር፤ በጥር የሸጥነው ሦስት ነው። የመለኪያውና የማስተካከያው ዋጋ 1,200 ብር ነው፤ ካርቡራተሩን ከእኛ ከገዛችሁ ይህ ገንዘብ ከዋጋው ይቀነስላችኋል። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ወጪያችንንም ታውቁታላችሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ በዚያ ዋጋ ነው መለዋወጫ የምናስመጣው። ገበያውን የሞላው ቅጂ ካርቡራተር ነው፤ አንዳንዱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ቀዳዳው አይገናኙም፤ በመርፌ መለኪያ ካልለካነው አናውቀውም። ዋጋውን ያልጨመርንባቸው ብዙ ወራት ነበሩ፤ ያን ጊዜ ማንም አላስተዋለንም።

ደግሞ የእናንተን ኪስ አስቡት። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አልፏል። በመቶ ስምንት የሚያባክን መኪና በሳምንት 30 ሊትር ከቀዱለት ከ240 ብር በላይ በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው፣ ያወጣዋል፤ የእኛ 1,200 ብር በአምስት ሳምንት ተመለሰ ማለት ነው። በቤንዚን የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችን አሮጌ መኪና ናት። ሞተሯ ከተበላሸ በምን እንተካታለን?

በሌላ ቦታ በአሥር ደቂቃ እንደሚገጥሙ አውቃለሁ። ወደዚያ የሄዳችሁትንም አልቀየምም፤ ግን ናፍቃችሁኛል። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የምትመጡ፣ ልጆቻችሁን ስትድሩ የጠራችሁን፣ በሐዘናችን የደረሳችሁልን ሰዎች ናችሁ። ግማሽ ቀን ስጡን።

ስትመጡ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚነሳ ማየት ስለምንፈልግ መኪናውን ከዋዜማው ብታሳድሩት እንመርጣለን፤ የማደሪያ አንጠይቅም። ካንዴላዎቹን አታጽዱ፤ ቀለማቸው ብዙ ይነግረናል። አሮጌውን ካርቡራተር አትጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ዘንጉ ተቀይሮ፣ ማሸጊያው (ጓርኒሲዮኑ) ታድሶ ከአዲሱ ቅጂ የተሻለ ይሠራል። እንዲህ ሲሆን «አዲስ አትግዙ» ብለን እንነግራችኋለን፤ በጥር ወር ለአራት ሰዎች ነግረናል።

ከመተሐራ መጥተው የተመለሱት ደንበኛችን፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት መኪናውን ይዘው በፈለጉት ቀን ይምጡ። በጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሩን እከፍትልዎታለሁ፤ የመለኪያውንም ዋጋ አልቀበልዎትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት