ወርቁም አልቀለጠም፣ ወርቅም አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ወርቃማ ሰዓቶችና ስለ «አዲሱ የአዮን ቅብ» ያወጣችሁትን ዘገባ ሐረር ውስጥ ያላነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቢያንስ ወደ ሱቄ ጎራ የሚለው ሁሉ አንብቦታል። ስለ ዋጋውና ስለ አስመጪዎቹ የጻፋችሁትን ልለፈው። እኔን ያንገበገበኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አዮኖቹ «ወርቁን አቅልጠው በማትነን ሰዓቱ ላይ ይለጥፉታል» የምትለዋ። አጠገቧ ደግሞ የጀጎል የወርቅ ሱቅ ፎቶግራፍ አውጥታችሁ «ቅብ ጌጦች ከሚሸጡባቸው አንዱ» ብላችኋል። የማን ሱቅ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የማቅለጥ ነገር ከሆነ እኔን ብትጠይቁ ምን ነበረበት? ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ቦራክስ ነስንሼ እሳቱን ስለቅበት መጀመሪያ የፍርፋሪው ጠርዝ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ድንገት ይሰበሰብና ድቡልቡል ብሎ ያበራል። ይህን ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ያየሁት ገና በልጅነቴ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስም ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ዘጋቢያችሁ በየትኛውም በኩል ቢመጣ አያመልጠኝም።

እስቲ ነገሩን በእርጋታ እንየው። አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ ጥቂት የአርጎን ጋዝ ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ የጋዙን አቶሞች አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም፣ ያደርጋቸዋል። አዮኑ ኔጌቲቭ ወደሆነው፣ ቅቡ ከሚወጣበት ብረት ወደተሠራው ሰሌዳ ተወንጭፎ የገጹን አቶም ይገጫል፤ የተገጨው ጎረቤቱን፣ ጎረቤቱም የራሱን ጎረቤት ይገጫል። ብይ የተጫወተ የጀጎል ልጅ ይገባዋል፤ የተመታው አንዱ ሆኖ ተፈናጥሮ የሚወጣው ሌላው ነው። የወርቅ አቶምን ከገጹ ለማላቀቅ 3.8 ኤሌክትሮን ቮልት (የአቶም ጉልበት የሚለካበት አሃድ ነው) ገደማ ይበቃል። ይሁን እንጂ አዮኑ የሚመጣው ወደ ውስጥ ነው፤ አቶሙ መውጣት ያለበት ደግሞ ወደ ውጭ። ግጭቱ ዞሮ እስኪመለስ ብዙው ጉልበት ስለሚባክን፣ የአርጎን አዮን 20 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ካልያዘ ከወርቁ ላይ የሚነቅለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወደ 500 ሲያድግ አንዱ አዮን በአማካይ ሁለት ያህል የወርቅ አቶሞችን ያወጣል። ታይታኒየም ላይ ግን አንድ አቶም ለማውጣት ሁለት አዮን ያስፈልጋል።

ማቅለጥ ቢሆን ኖሮ በዚያው ጉልበት የሚመጡ ኤሌክትሮኖችም ያንኑ ሥራ በሠሩ ነበር፤ እነሱም ብረቱን ያግሉታልና። ግን አይነቅሉም። የአርጎን አዮን ከኤሌክትሮን ከ70 ሺህ ጊዜ በላይ ይከብዳል፤ ምስጢሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ደግሞስ ሰሌዳው እንዳይግል ከጀርባው ውኃ እየዞረ ያቀዘቅዘዋል፤ ከፊቱ አቶሞች መውጣታቸውን አያቆሙም። ውኃ እያፈሰሰ ወርቅ የሚያቀልጥ አንጥረኛ ዘጋቢያችሁ ካገኘ እባካችሁ አስተዋውቁኝ፤ የጋዝ ወጪ ጨርሶኛል። በዚህ ላይ ጎትፍሪድ ቬነር የተባለው ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955፣ ከብር ክሪስታል የሚወጡት አቶሞች በተለዩ አቅጣጫዎች እንደሚበዙ አሳይቷል። እንፋሎት አቅጣጫ ሲመርጥ ያየ ሰው አለ? «አዲሱ» ያላችሁትንም ነገር ዊልያም ግሮቭ ያስተዋለው በ1852 ነው።

ዘገባችሁ ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። የብዙዎቹ ሰዓቶች ቀለም የሚገኘው ከታይታኒየም ነው፤ ተነቅሎ የወጣው ታይታኒየም ሰዓቱ ላይ ከናይትሮጅን ጋር ሲዋሐድ ወርቅ የሚመስል ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። እናንተ «ወርቅ» ስላላችሁ ከድሬዳዋ ድረስ አንድ ደንበኛዬ መጥቶ «ጋሼ፣ ወርቁን ፍቀው ያውጡልኝና በግራም ይግዙኝ» አለኝ። በመፈተኛው ድንጋይ ላይ አሸሁለት። ወርቅ ቢሆን ቢጫ መስመር ይተው ነበር፤ ይህ ግን ድንጋዩን ራሱን ጫረው። አሲድ ጠብ ባደርግበትም ምንም አልሆነም። ሰውየው ጋዜጣውን አውጥቶ አሳየኝና «የእርስዎ ሱቅ አይደለም እንዴ?» ብሎኝ ወጣ። ወርቁን ልደብቅበት የፈለግሁ መስሎታል። ዘመዶቹንም ከእኔ ዘንድ እንዳይሄዱ ማስጠንቀቁን ሰምቻለሁ።

ከሠላሳ ሜትር ርቀት ፎቶ ያነሣው ባልደረባችሁ ደረጃውን ወጥቶ «ሰላም ናችሁ?» ቢል ቡና ይጠጣ ነበር። በዚህ ግንብ ውስጥ ብርና ወርቅ የሚሠሩ ሰዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲወራረሱ ኖረዋል፤ በዘገባችሁ የአንዳቸውም ቃል የለም። ስለ ጌጥ አዲስ አበባ ላይ ሰው ጠይቃችሁ ሐረርን ለጌጥ ተጠቀማችሁባት!

ስለዚህ ሁለት ማረሚያ እጠብቃለሁ። የፊዚክሱን በፈለጋችሁት ገጽ አውጡት። የፎቶግራፉን ግን እዚያው የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን፣ ሱቁ ቅብ ጌጥ እንደማይሸጥ ጽፋችሁ አውጡልኝ። ለደንበኛዬ አንድ ቅጂ ወደ ድሬዳዋ የምልከው በራሴ ወጪ ነው።

ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሱቅ ባለቤት፣ ከጀጎል፣ ሐረር